«ናና» የተባለው ዘይት

ኢማስ ጠዋት የቤተ ሙከራውን በር ስትከፍት ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው በሰው አፍንጫ ላይ ነው። አንዱ አፍንጫውን ሸብሸብ ካደረገ እግሯ ወደ መጣችበት ይዞራል። የሁሉም ፊት ረጋ ካለ ግን ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ወደ ሥራዋ ትገባለች። ጋዝ ያመለጠ እንደሆነ፣ ጠርሙስ የፈሰሰ እንደሆነ፣ የሚቃጠል ነገር ያለ እንደሆነ የምታውቀው እንዲህ ከሰው ፊት እያነበበች ነው። የዛሬ ዓመት አልጋ ላይ ጥሏት የከረመው ትኩሳት ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄዷል።

ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ባሏም አያውቅም። ሩዝ ባረረ ቁጥር ሐሳብሽ የት ነው ይላታል፤ እሷም ሥራ በዝቶብኝ ነው ብላ ትገላገላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ኢማስ ግን መደበቁን ራሱን መድኃኒት አድርጋው ዓመት ኖረችበት።

አንድ ጊዜ ሞት አጠገቧ ደርሶ ተመልሷል። የጋዝ ቱቦ ተላቆ ክፍሉ በተበላሸ እንቁላል ሽታ ሲሞላ ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሮጡ። እሷ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ትሠራ ነበርና አላየቻቸውም። ኮቴያቸውን ሰምታ ዘወር ስትል ክፍሉ ባዶ ሆኗል። ከሁሉም ኋላ ወጣች። ደጅ ላይ ሰዉ ሥራዋን ጥላ የማትሸሽ ጀግና ብሎ አመሰገናት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ሰው ሳታዞር መሥራት ትፈራለች።

ታዲያ ለምን አትናገርም? የምትሠራው ባንዱንግ ከተማ፣ ዳጎ በሚባለው ዳገት ላይ ባለ የመድኃኒት ምርምር ተቋም ነው። እዚያ የማያሸት ኬሚስት ብቻውን መርዛማ ጋዝ የሚስበው የሥራ ሳጥን ፊት እንዲቆም አይፈቀድም። ቢሮ ተሰጥቶት ወረቀት ሲያገላብጥ ይውላል። ደግሞ የእሷ አፍንጫ ተራ አፍንጫ አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ቡ ሩክሚኒ፣ «ቡ» እዚያ አገር ለእናትም ለአለቃም የሚባል ነውና፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትከሻዋን ይዘው «መሣሪያው ቢሳሳት የኢማስ አፍንጫ አይሳሳትም» ይሉ ነበር። ሰው በተመሰገነበት ነገር ሲጎድል አፉ ይታሰራል፤ የኢማስም ታሰረ።

ሥራዋ ሞለኪውል መገንባት ነው። መገንባቱንስ ብዙ ሰው ይገነባዋል፤ ጭንቁ ማስመረጡ ላይ ነው። አንድ ኬሚካላዊ ምላሽ ሁለት በር ይኖረዋል። በአንዱ ሲገባ የቀኝ እጅ፣ በሌላው ሲገባ የግራ እጅ ዓይነት ነገር ሆኖ ይወጣል። የሁለቱ ክብደት አንድ ነው፣ የሚቀልጡበት ሙቀት አንድ ነው፣ መሣሪያ ላይ የሚጥሉት ምስልም አንድ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ግን የግራ ጓንት ለቀኝ እጅ እንደማይሆን ሁሉ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ኢማስ በደረቅ በረዶ እያቀዘቀዘች፣ ኬሚካሉን ጠብታ በጠብታ እያስገባች፣ ምላሹ ሌላኛውን በር ቀና ብሎ እንኳ እንዳያይ ማድረግ ትችልበታለች። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በፈለገችው በር ይገባላታል። ችግሩ፣ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚወስነው ሥራው የሚጀመርበት ዘይት ነው። ዘይቱ ቀኝ ከሆነ የሚከተለው ሁሉ ቀኝ ይሆናል። ግራ ከሆነ ያ ሁሉ ጥበብ ግራውን አጥርቶ፣ አሳምሮ ይሠራል።

ሁለቱን ዘይቶች ሽታቸው ይለያቸዋል። ቀኙ ናና ናና ይላል፣ ግራው ከሙን ከሙን ይላል። አከፋፋዮች ከበርሜል ወደ ጠርሙስ ሲገለብጡ አንዳንዴ የአንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ይለጥፋሉ። ስለዚህ ቡ ሩክሚኒ አንድ ልማድ አውጥተዋል። አዲስ ጠርሙስ የከፈተ ሰው ክዳኑን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ የሸተተውንም ሰው እየሰማው ይናገራል። ያን ጊዜ ብቻ ሥራው ይጀመራል። አዲስ ገቢዎች ይስቁበት ነበር፤ ቆይተው ግን እንደ ቢስሚላህ ለመዱት።

አሁን ወደ ቼው ኤቲ እንምጣ። ቼው ኤቲ፣ «ቼው» እትዬ እንደማለት ነው፣ ከተቋሙ በር አጠገብ ምግብ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ከአለቃ እስከ ዘበኛ ሁሉም ከእርሳቸው ነው የሚበላው። ሊሊስ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ መልከ መልካም፣ ሃያዎቹን የጀመረች፣ የሚጥል በሽታ ያለባት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትወድቃለች። ሐኪም ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልያዘላትም። ተቋሙ የሠራው አዲስ መድኃኒት በእንስሳት ላይ ተፈትኖ፣ ሌላ ተስፋ የሌላቸው ጥቂት ሕሙማን እንዲሞክሩት ሲፈቀድ፣ የመጀመሪያዋ ሊሊስ ሆነች። ለእሷ የሚሆነውን ኢማስ እንድትሠራ ተወሰነ።

የመድኃኒቱ ቀኝ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል። ግራው ተቃራኒውን ያደርጋል። ድሮ ለፈተና ግራውን የወሰዱት አይጦች ጀርባቸው እንደ ደጋን ተለጥጦ፣ ሲንቀጠቀጡ ቆይተው ሞቱ። ኢማስ አይታቸዋለች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

አዲሱ የዘይት ጠርሙስ የመጣ ዕለት ቡ ሩክሚኒ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ኢማስ ክዳኑን ፈታች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ አየሩን ሳበች። ምንም የለም። በመስኮቱ በኩል ዝናቡን እያየች አንድ ጊዜ ደግማ ሳበች። አሁንም ምንም። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ሰረቅ አደረገች፤ ወረቀቱ ትክክለኛውን ስም ይዟል።

«ናና ነው፣ ቡ» አለች።

ቡ ሩክሚኒ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ያ መድኃኒት ተሠርቶ ያለቀ ጊዜ ቀኝና ግራን በብርሃን የሚለየው መሣሪያ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። ሌላኛው መሣሪያ ቀጥ ያለ አንድ ጫፍ አሳየ። ያ ማለት መድኃኒቱ የተቀላቀለ አይደለም ማለት ነው፤ የትኛው እጅ እንደሆነ ግን አይናገርም። ቡ ሩክሚኒ አምፖሉን እንጠብቅ ብለው ነበር። ሊሊስ በዚያው ሳምንት ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለና እናቲቱ እያለቀሱ መጡ። አለቃይቱ መድኃኒቱን አንሥተው «ኢማስ አሽትታዋለች» አሉ፤ ነገሩ በዚሁ ጸና።

ኢማስ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በማግስቱ ግን ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ወረቀቱ ትክክል ነው እያለች ራሷን አሳመነች። ፈሪ ራሱን ለማሳመን ብዙ ነገር አይፈልግም።

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ጠዋት ደረሰ። ቡ ሩክሚኒ መድኃኒቱን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ቼው ኤቲ ሱቃቸውን ዘግተው ከልጃቸው ጋር ቀድመው ገብተዋል። ኢማስ ቤተ ሙከራው ውስጥ እጇን ሳሙና ውስጥ ነክራ ብልቃጥ ታጥባለች። ከኋላዋ ታታንግ አለ። ታታንግ በዕድሜ የሚያንሳት፣ ሥራው ጥሩ፣ አፉ ግን የማያርፍ ኬሚስት ነው። ለራሱ ሥራ ከዚያ ዘይት ጥቂት ሊቀዳ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አወረደ።

«ቴህ ኢማስ፣» አለ፤ እታለም እንደማለት ነው፤ «የፍየል ጉላይ ወጥ ሠርተሽ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ደብቀሻል እንዴ? ከሙን ከሙን እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁ።»

ኢማስ ሳቀች። ስለ ሽታ ሲቀለድ አብሮ መሳቅን ዓመት ሙሉ አጥንታዋለች። «አንተንማ ሩዙን ብቻ ነው የማቀምስህ» አለችው ዘወር ሳትል።

ቀጥላ አንድ ብልቃጥ አጠበች። ሁለተኛውን ስታነሣ እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ።

ዘወር አለች። ታታንግ ክዳኑን በአንድ እጁ፣ ጠርሙሱን በሌላው ይዞ እየሳቀ ቆሟል። ጠርሙሱ ያ ጠርሙስ ነው። የገንዳውን ጠርዝ ያዘች።

«እስቲ ደግመህ አሽትተው» አለችው። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት።

አሸተተው። ከሙን ነው አለ፤ አሁን ሳቁ ቀንሷል። ከድሮው ጠርሙስ ታች የቀረች ጥቂት ዘይት እንዳለች ታውቃለች፤ ያንንም አውርዳ ሰጠችው። እሱን ከፍቶ ሲያስጠጋው ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄኛው ናና ነው፤ እንደ ጥርስ ሳሙና» አለ። ሁለቱን ጠርሙሶች ተራ በተራ አያቸው። «ቴህ፣ የሊሊስ መድኃኒት ከየትኛው ነው የተሠራው?»

መልሱን ፊቷ ላይ አነበበው።

«አንቺ አሽትተሽዋል አይደል እንዴ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አለች። ልጅቷ ልትሞት እንደምትችል እያወቀች፣ በዚያች ደቂቃም ዋሸች። ምላስ የለመደውን መንገድ አይስትም።

ለቡ ሩክሚኒ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ሐኪም ቤት ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ሁልጊዜ ይዘጉታል። ለቼው ኤቲ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ታታንግ የሐኪም ቤቱን ስልክ ፈልጎ ደወለ። ያነሣችው ልጅ የየትኛው ክፍል ታካሚ እንደሆነች ጠየቀች፣ ቆይ አለች፣ ሙዚቃ ለቀቀችለት። ሙዚቃው አልቆ ደግሞ ጀመረ። ኢማስ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃውን ወረደች፤ ታታንግ የሞተር ቁልፉን ይዞ ተከተላት።

ዝናቡ ይወርዳል። የዳጎን ቁልቁለት ሞተሩ በመኪና መሐል እየተሹለከለከ ሲወርድ ኢማስ የታታንግን ጃኬት በሁለት እጇ ጨብጣለች። አይጦቹ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ጀርባቸው ተለጥጦ፣ እግራቸው አየር ሲቧጥጥ፤ ከዚያ አይጦቹ ሊሊስ ሆኑ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ታውቀዋለች። ግን የፈራችው ሁሉ በራሷ ላይ የሚደርስ ይመስላት ነበር። ጋዝ ይገድለኛል፣ ከሥራ እባረራለሁ፣ መሳቂያ እሆናለሁ ብላ ነው ዓመት ሙሉ የፈራችው። በሌላ ሰው ልጅ ይደርሳል ብላ አንድ ቀን እንኳ አልፈራችም። ይህ ከሁሉም ይልቅ አስጨነቃት።

የአንድ ትልቅ መገናኛ መብራት ቀይ ሆኖ አልለቅ አለ። ታታንግ በትከሻው በኩል ዘወር ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አይዞሽ፣ ቴህ። መጀመሪያ የሚሰጣት ትንሽ መጠን ነው። የከፋው ሁለተኛው ነው፤ እሱን ካስቆምን ኢንሻአላህ እንደርሳለን።»

ኢማስም ይህን ታውቃለች። ውሳኔው ሲጻፍ ነበረች። መጀመሪያ ትንሽ ይሰጣል። ልጅቷ ከወደቀች ደግሞ መንቀጥቀጡን እንዲያቆም ትልቁ ይጨመራል። የመጀመሪያዋ ትንሽ መርዝ ልጅቷን ከጣለቻት ሐኪሞቹ በሽታዋ ተነሣ ብለው ትልቁን መርዝ ይሰጧታል ማለት ነው። አላህ ሆይ አትውደቅ፣ ዛሬ ብቻ አትውደቅ እያለች መብራቱን አፍጥጣ አየችው።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ሞተሩን ከለከለ። ታታንግ ማቆሚያ ሊፈልግ ቀረ። እሷ ብቻዋን ሮጠች። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ፊቷን እያየ ገለል ይልላት ነበር። ከክፍሉ በር ሳትደርስ የቼው ኤቲን ድምፅ ሰማች፤ የልጃቸውን ስም ደጋግመው ይጠራሉ።

ሊሊስ አልጋው ላይ ትንቀጠቀጣለች። ጀርባዋ ከፍራሹ ተነሥቷል። ቼው ኤቲ ሁለት እግሯን ይዘዋል፣ አንድ ወጣት ሐኪም ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዙሮ ደግፏል። ነርሷ መርፌውን ሞልታ አየሩን እያስወጣች ነው። ቡ ሩክሚኒ ከአልጋው ራስጌ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ቡ፣ እንዳይሰጣት» አለች ኢማስ። ትንፋሽ አጥሯት ቃሉ ግማሹ ጠፋ። «ዘይቱ ግራ ነው። ወረቀቱ ተሳስቷል። እባክዎ፣ ይቁም።»

ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቡ ሩክሚኒን አየች። ቡ ሩክሚኒ ኢማስን ክንዷን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷት።

«ማን አለ?»

«ታታንግ። አሁን ከፍቶ አሸተተው። ከሙን ነው።»

«ታታንግ?» ቡ ሩክሚኒ ፊታቸውን አጨማደዱ። ታታንግ ባለፈው ወር ጋዝ አመለጠ ብሎ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ፣ ለምሳ ሰልፍ አንደኛ የቆመ ሰው ነው። «ጠርሙሱስ የት አለ? ላሽትተው።»

ኢማስ እጆቿን አየች። ባዶ ናቸው። ሁለቱም ጠርሙሶች ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ክዳናቸው ተከፍቶ ቀርተዋል። በድንጋጤ ስትሮጥ ሊመሰክርላት የሚችለውን አንድ ነገር ትታው ነው የመጣችው።

ቡ ሩክሚኒ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ፈጠን እያሉ ተናገሩ። «ስሚኝ ኢማስ። ይህች ልጅ በየቀኑ ትወድቃለች። ዛሬም ወደቀች። የዛሬው ረዝሟል፣ ሌላው መድኃኒት ደግሞ እንደማይዛት ታውቂያለሽ። ይህን ካልሰጠናት ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። በታታንግ ወሬ ልተወው? ያን ቀን አንቺ ስታሸቺ እኔ ቆሜ ነበር። ናና ነው አልሽኝ። ወረቀትማ ይሳሳታል፤ እኔ ያመንኩት ወረቀቱን አይደለም።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ቡ።»

«ጉንፋን ይዞሽም ቢሆን አንቺ ናናን ከከሙን ትለያለሽ።» ፊታቸውን ወደ ነርሷ መለሱ። «ቀጥዪ።»

ነርሷ የሊሊስን ክንድ ያዘች።

ኢማስ ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አትፈራም። ልጅቷን ፈራች፣ እናቲቱን ፈራች፣ ቡ ሩክሚኒን ፈራች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአፏ የሚወጣውን ነገር ፈራች። መርፌው ቆዳውን ሊነካ ሲል ግን ወጣ።

«እኔ አፍንጫ የለኝም!» አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ዘወር አለ። ቀጥላ የተናገረችው ቀስ ብላ ነው። «አልሸተተኝም ነበር፣ ቡ። የዛሬ ዓመት ከታመምኩ ወዲህ ምንም ሸቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ወረቀቱን አንብቤ ነው ናና ያልኩዎት።»

ቡ ሩክሚኒ እጃቸውን ወደ ነርሷ ዘረጉ፤ መርፌው ቆመ። ከቦርሳቸው ውስጥ አንድ ነገር አወጡ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች። አንድ ነገር አፍንጫዋ ሥር መጣ። ሳበች።

«ቀዝቀዝ ይላል» አለች። «ትንሽ ይቆጠቁጣል። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ዓይኗን ስትከፍት የቡ ሩክሚኒ እጅ ውስጥ ያለውን ትንሽ አረንጓዴ ጠርሙስ አየች። ካዩ ፑቲህ ነው። በዚያ አገር ሕፃን ሲወለድ ሆዱ የሚታሸው፣ ሰው ሲያዞረው ግንባሩ ላይ የሚቀባው ዘይት። ከእናቱ ጠረን ቀጥሎ ሰው የሚያውቀው ሽታ እሱ ነው። ኢማስን እናቷ በእሱ አሽታ አሳድጋታለች፣ እሷም ልጆቿን አሽታበታለች። ቡ ሩክሚኒ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። ቡ ሩክሚኒ መርፌውን ከነርሷ እጅ በራሳቸው እጅ ወሰዱት። ለሐኪሙ የመጀመሪያው መድኃኒት የተገላቢጦሽ መሆኑን፣ ልጅቷን የጣላት እሱ መሆኑን፣ በሽታዋ ሳይሆን መርዝ እንደሆነ አድርጎ እንዲያክማት ነገሩት። ሌላ ነርስ ሮጣ መጣች፣ ሊሊስ አፏ ላይ የአየር ጭንብል ተደረገላት፣ የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሯ ገባ። ቼው ኤቲ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው፣ የተባለውን ግን ሁሉ ሰምተው፣ ያለቅሱ ነበር። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይላሉ፤ እዚህ የተመታው የኢማስ አፍንጫ ሲሆን ያለቀሰው የቼው ኤቲ ዓይን ነው።

ኢማስ ግድግዳውን ተደግፋ የሊሊስን ጀርባ ብቻ ታይ ነበር። ጀርባዋ ከፍራሹ በላይ እንደተለጠጠ ቆየ። ቆየ። ከዚያ በጥቂቱ ወረደ። ደግሞ ተነሣ፤ ኢማስ እጇን ነከሰች። እንደገና ወረደና ቀረ። ጣቶቿ ጥቂት ተንቀጥቅጠው አረፉ። ሐኪሙ ትንፋሿን አዳመጠና እያረፈች ነው አለ። ስትነቃ ጉዳት ይኑራት አይኑራት እስከ ነገ አይታወቅም አለ። መጀመሪያ የገባው ትንሽ መሆኑ አላህ አትርፏት ነው፤ ትልቁ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምንም ማድረግ ባልቻልን አለ።

ቡ ሩክሚኒ ከክፍሉ ሲወጡ ኢማስ አጠገብ ቆሙ። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። አልተቆጡም።

«ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ ብቻሽን ሳጥኑ ፊት አምሽተሻል?» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ለእሷም እንደፈሩላት ያኔ ገባት። ደግሞም ከእንግዲህ ሳጥኑ ፊት እንደማያቆሟት ከፊታቸው አወቀች። ስልካቸውን እየከፈቱ ወደ ኮሪደሩ ሄዱ።

ኢማስ መሄድ አማራት። ደረጃውን ወርዳ፣ ታታንግን አግኝታ፣ ቤቷ ገብታ በሯን መዝጋት ፈለገች። ግን እናቲቱን ሳታናግር መውጣት አልሆነላትም። ወደ አልጋው ቀረበችና ከቼው ኤቲ ጎን ተንበረከከች።

ቼው ኤቲ የልጃቸውን እግር በእጃቸው ያሻሉ። ወደ ኢማስ ሳያዩ ተናገሩ፤ «ኔንግ» ያሏት ልጄ እንደማለት ነው።

«ኔንግ፣ ከረመዳን በኋላ የሸጥኩት ፔፔስ ትዝ ይልሻል? በሙዝ ቅጠል የታፈነው ዓሣ። ተበላሽቶ ኖሯል፣ እኔ አላወቅኩም። ሰዉ ሁሉ ጠግቤያለሁ እያለ ገፋው፤ ማንም አልነገረኝም። አንቺ ብቻ እስከ አጥንቱ በላሽው። ቼው፣ ይጣፍጣል አልሽኝ። ኋላ እኔ ሳሸተው ላስመልስ ደረስኩ። ያን ቀን አለቀስኩ። ይህች ልጅ እኔን እንዳላፍር ብላ የገማ ዓሣ በላች አልኩ።»

ኢማስ ያን ቀን ታስታውሳለች። ማታ ሆዷን ሲቆርጣት አድሯል፤ ከምን እንደመጣ አልጠረጠረችም።

«ከዚያ ነው ቡ ሩክሚኒ ቤት ሄጄ የለመንኳቸው» አሉ ቼው ኤቲ። «ሌላ ሰው አይሥራው፣ የልጄ መድኃኒት በኔንግ ኢማስ እጅ ይሠራልኝ አልኳቸው። እሷ ደግ ናት አልኳቸው።»

ኢማስ የሊሊስን እግር አየች። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የድሮ መውደቅ ጠባሳ አለ።

«አልሸተተኝም ነበር፣ ቼው» አለች።

ቼው ኤቲ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለእሷ ቦታ ሊለቁ ጥቂት ፈቀቅ አሉና የልጃቸውን እግር ማሸት ቀጠሉ።